የዶና ፌሊዝሚና በር

ማመን የማይፈልግ ሰው መብቱ ነው። እኔ ግን የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው... በግራ እጄ፣ በዝግታ።

የሆነው ሊዝበን ውስጥ፣ አልፋማ በተባለው ሰፈራችን ነው። ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር።

ኢዳሊና እባላለሁ። አስጎብኚ ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ ይዣቸው የምዞር ጎብኚዎች አኩርፈውብኝ ነበር። ቢጫው ትራም ሞልቶ ጥሎን ሄዷል፤ የጥንታዊው ግንብ መግቢያ ሰልፍም አድክሟቸዋል። በጠባቡ የደረጃ መንገድ ስንወርድ ዓይኔ አንድ አሮጌ በር ላይ አረፈ። ማንኳኪያው ኳስ የጨበጠ የብረት እጅ ነው። በከተማችን እንዲህ ያለው ሞልቷል።

"ይህን እጅ ይዞ ሦስት ጊዜ ያንኳኳ፣ ወደ ሊዝበን ሳይመለስ አይሞትም" አልኳቸው።

ውሸት ነበር። እዚያው የፈጠርኩት።

ፊታቸው ፈካ። ተራ በተራ አንኳኩ፤ ፎቶ ተነሡ። ወር ሳይሞላ ነገሩ "ሊዝበን ሄዳችሁ ይህን ሳታደርጉ እንዳትመለሱ" በሚሉ የኢንተርኔት ምክሮች ውስጥ ገባ። ሌሎች አስጎብኚዎችም ሰው ይዘው ይመጡ ጀመር።

ቤቱ ግን ባዶ አልነበረም።

ጥጉን ስንታጠፍ በሩ ከኋላዬ ሲከፈት እሰማለሁ። ከዚያ የቤቱ ባለቤት፣ የአሮጊቷ የዶና ፌሊዝሚና ድምፅ...

"አርሊንዶ... አንተ ነህ?"

አርሊንዶ መርከብ ተሳፍሮ በዚያው የቀረ ልጃቸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

እያወቅኩ ዝም አልኩ።

በኅዳር፣ ፊት ለፊት የምትኖረው ኦዴት ልብስ እያሰጣች ከመስኮቷ ጠራችኝ።

"አንቺ ኢዳሊና! ዶና ፌሊዝሚና እኮ ከደረጃ ወድቀው ሞቱ።"

"መቼ?"

"ትናንት። 'ይተዉት፣ ቱሪስት ነው፣ እግርዎ አይችልም' ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው! 'ልጄ ቢሆንስ?' ይሉኛል። በሩ ሥር ነው የተገኙት... እጃቸውን እንደዘረጉ።"

ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

"ይህን ተረት ያመጣ ሰው እጁ ይቆረጥ!" አለች፣ እርጥቡን አንሶላ እያራገፈች። "አሜን በይ እንጂ!"

"አሜን" አልኩ።

ቤቱ ታሸገ።

በሚያዝያ አዲስ ጎብኚዎች መጡ። በሌላ መንገድ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። አንዲት ወጣት ግን ስልኳን ዘርግታ ቀደመችኝ።

"እጁ የታለ? እሱን ሳላንኳኳማ አልሄድም!"

ውሸት መሆኑን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን በሩን ጠቆምኳት።

ጨበጠችው። ሳቀች።

"ውይ፣ ይሞቃል!"

እዚያ መንገድ ፀሐይ አትገባም።

ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

ከውስጥ፣ ከፎቁ ላይ... የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ሸርተት... ሸርተት...

"ሰው አለ እንዴ?" አለች።

"የለም" አልኩ በሹክሹክታ። "ማንም የለም።"

ሸርተት... ሸርተት... ደረጃውን እየወረደ።

ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ።

ጸጥታ።

ቀጥሎ በሩ ከውስጥ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። ድምፁ የመጣው ከታች ነው... ወለል ላይ የተጋደመ ሰው ቢያንኳኳ ከሚደርስበት ቦታ።

"ይሄም የጉብኝቱ አካል ነው?" አለችኝ ወጣቷ፣ ዓይኗ በደስታ በርቶ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ለመናገር የቀረኝ ዕድል ያ ብቻ ነበር።

"አዎ" አልኳቸው።

አጨበጨቡ። እየሳቁ ደረጃውን ወረዱ።

ብቻዬን ቀረሁ።

ከበሩ ሥር፣ በጣም በቀስታ...

"ኢዳሊና... አንቺ ነሽ?"

ቀና ብዬ የብረቱን እጅ አየሁ። ኳሱ የለም። ጣቶቹ ተፍታተዋል። መዳፉ ወደ እኔ ዞሮ ተዘርግቷል፤ የወደቀ ሰው "አንሡኝ" ሲል እንደሚዘረጋው።

እጄን ሰጠሁ...

ቀኝ እጄን።