ድምፅ ያለው ይሁን

በስፖርት ዕቃ መሸጫው ውስጥ አባቷ የማሽኑን እጀታ ጥቂት ሳበና ቆመ።

«ይሄ ማሽን ሳይበላሽ አይቀርም» አለ ላቡን በእጁ ጠረግ አድርጎ።

«ማሽኑስ ደህና ነው ጋሼ» አለ ሻጩ። «የውሃ መቅዘፊያ እንዲህ ነው፤ ጀልባ እንደ መቅዘፍ ነው። እዚህ ጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ነው የሚታገልዎት። በኃይል ከሳቡት ይከብዳል፤ ረጋ ካሉ ይቀልልዎታል።»

ልጅቷ አጠገባቸው ያለ ወንበር ላይ ዘፍ ብላለች። የፈተና ሰሞን ነው፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየች ቆይታለች። የልብ ሐኪሙ አባቷን «ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ፤ አለበለዚያ ልብዎ አይችልም» ካለው ወዲህ ደግሞ እሱን የመከታተል ሥራ ተጨምሮባታል። ነርሷ እናቷ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከሥራ ቦታዋ ትደውላለች። «ዘበኛዬ፣ አባትሽ ተንቀሳቀሰ?»

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከስፌት መኪናው ተነስቶ እስከ በሩ ለመድረስ እንኳ «ወይ ጉልበቴ!» ይላል። «ዛሬን ብቻ ሸፍኚኝ፤ ነገ ካልተራመድኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይላታል። እሷም «አዎ እማዬ፣ ተራምዷል» ትላለች። ያ ነገ የተባለው ቀን ግን እስካሁን አልመጣም። መዋሸቱ ሰልችቷታል።

«ይኸኛውስ?» አባቷ ወደ ሌላ ማሽን ተጠጋ።

«እሱ የሚሠራው በውሃ ሳይሆን በማግኔት ነው። ድምፅ የለውም። ቢሠሩበትም ባይሠሩበትም ማንም አይሰማም።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ፊቱ በርቶ። «ለጥናትሽም ይሻላል። ያኛው እኮ ከመኝታሽ ግድግዳ ማዶ እንደ ጎርፍ ሊጮህብሽ ነው።»

ወይ አባዬ! እሷ ታውቀው የለም እንዴ? ዝም የሚል ማሽን የፈለገው ላዩ ላይ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ነው። ተናደደች፤ ደግሞ ትንፋሹ እስካሁን እንዳልተመለሰ አየችና ፈራች።

«የውሃው ይሁን» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ እንቅልፍ ልታጪ...»

«ይሁን አልኩህ፤ አታካብድ።»

ማሽኑ ቤት ገባ፣ ጋኑም ተሞላ። በመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች «ሿ... ሿ...» የሚል ድምፅ በግድግዳው አልፎ ቀሰቀሳት። እየተነጫነጨች ትራሷን ጆሮዋ ላይ ደፋች፤ ግን ደስ አላት። ከዚያ አንድ ጠዋት ድምፁ ጠፋ። በማግስቱም አልተሰማም።

ተነስታ ሄደች። አባቷ መቅዘፊያው ላይ ተደላድሎ የሰው ሱሪ ይዘመዝማል።

«ወንበሩ እኮ ተመችቶኝ ነው» አለ እንደ ማፈር ብሎ።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ዛሬን ብቻ!» አለ በሹክሹክታ።

«ዘበኛዬ፣ አባትሽ ተንቀሳቀሰ?»

ያ የለመደችው «አዎ» ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። እሱን ማለት ቀላል ነበር፤ ብላው ተመልሳ ትተኛ ነበር።

«ቆይ እማዬ፣ ራስሽ ስሚው» አለችና ስልኩን ጋኑ ላይ አስቀመጠችው።

አባቷ ስልኩን አየ። እሷን አየ። ዓይኗን አልሰበረችም። ሱሪውን አጣጥፎ ወለሉ ላይ አኖረና እጀታውን ያዘ።

«ሿ...» አለ ውሃው።

«ረጋ በል አባዬ፤ ይቀልልሃል» አለችው።

ስልኩን እዚያው ትታ ተመልሳ ተኛች።