ያላጎነበሱት ጸሐፊ

በመስከረም መጨረሻ ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ዝናቡ ከነቀምት ኮረብታዎች ገና መሸሹ ነበር፤ ከተማይቱ ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ሽር ጉድ ስትል፥ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ግራዝማች አዱኛ ጉሉማ ከሚሲዮኑ ሐኪም ፊት ተቀምጠው የቀኝ ዓይናቸውን ፋሻ ያስፈቱ ነበር።

እኚህ ሰው ከልጅነታቸው ጀምሮ ወረቀቱን አፍንጫቸው ላይ ሳይለጥፉ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በእርጅና ደግሞ ሞራ መጣባቸው። የግራ ዓይናቸው ሞራ አምና ተገፎላቸው አራት ወር ያህል አዩ፤ በፋሲካ ግን ለአንድ ሹም መሬት ድረስ እጅ ሲነሡ ብልጭታ ታያቸው፥ ጥላሸት የመሰለ ነገር ተበተነባቸው። ድካም ነው ብለው ሦስት ቀን ዝም አሉ፤ በአራተኛው ቀን መጋረጃ ወረደ፥ ዓይኑም በዚያው ቀረ። አሁን ሞራው የተገፈፈላቸው የቀኙ ነበር።

የሐኪሙን ቃል ረዳቱ ድሬሰር ኩማ ተረጎመላቸው፤ «ግራዝማች፥ ቅርብ ብቻ የሚያይ ዓይን ረዥም ነው፤ ከኋላው ያለው ሽፋን ተወጥሮ ሳስቷል። ሞራው ከወጣ በኋላ ደግሞ መላቀቅ ይቀለዋል፤ ግራው የጠፋው እንዲሁ ነው። ስድስት ሳምንት ማጎንበስ የለም።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

በበዓሉ ቀን ደጃዝማች አበጋዝ በዓሉን ሊመሩ ከአዲስ አበባ መጡ። የግራዝማች አዱኛ ባለቤት ወይዘሮ ድርቤ በሩ ላይ ቆመው፥ «የታፋ አባት፥ ታምሜያለሁ ብለው ይቅሩ» ሲሉ ለመኗቸው።

«ሠላሳ ዓመት ያገለገልሁ ሰው በበዓል ቀን አልደበቅም፤ ዓይኔንም ለሰላምታ አልሰጥም» ብለው ወጡ።

ደጃዝማቹ በሰልፉ ፊት ሲያልፉ ሰው ሁሉ ወደ መሬት ታጠፈ፤ ግራዝማች አዱኛ ብቻ ቀጥ ብለው ቀሩ።

«የዚህ ሰው ወገብ ምን ሆኗል?» አሉ ደጃዝማቹ።

«ጌታዬ፥ ወገቤስ ደኅና ነው። የቀረችኝ አንዲት ዓይን ናት፤ ሐኪም ማጎንበስ ከልክሎኛል። በልቤ እጅ ነሥቻለሁ።»

«የፈረንጅ ትእዛዝ ከሥርዓታችን በለጠ በለኛ» ብለው ደጃዝማቹ አለፉ።

በሳምንቱ የመሻሪያ ደብዳቤ መጣ። በእሳቸው ቦታ የተተካው ወጣት ጸሐፊ ሊያነብላቸው ሲል፥ «አምጣው ልጄ» አሉትና ከአፍንጫቸው አርቀው ይዘው፥ ከማኅተሙ እስከ ፊርማው ራሳቸው አነበቡት፤ «ቀኑን መጻፍ ዘንግታችኋል» ብለውም መለሱለት። በመሻራቸው አዘኑ፥ በዓይናቸው ደስ አላቸው፤ ሁለቱንም ከማንም አልደበቁም።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ «ስለ ትዕቢቱ ተሻረ» ይላል፤ ታሪክም ከመዝገቡ ሌላ ምስክር አልጠየቀም። ግራዝማች አዱኛ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዳዩ፥ የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ በመልክ እንደ ለዩ ግን የጻፈ የለም።