ያልተቃጠለው ፊውዝ

«እህት! አንዴ ታግዢኛለሽ?»

ታቢታ ከሕብረት ሱቁ መስኮት ቀና ብላ አየች። በቀበሌው ግቢ በተተከለው ረጅም ምሰሶ ላይ፣ መሰላል የወጣ ወጣት አንድ እጁን በድምፅ ማጉያው ጡሩምባ አንገት ጠምጥሞ ወደ እሷ ይመለከታል። በሌላው እጁ ካቻቢቴ ይዟል።

«እኔን ነው?»

«ሌላ ማን አለ? ቢሮው ግቢና ማይኩ ላይ ተናገሪ። እዚህ ሆኜ መስማት አለብኝ። ራሴን ለሁለት መክፈል አልቻልኩም።»

«ስኳር የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።»

«ስኳሩ መቼ መጣና!» አሉ ከሰልፉ አንዲት እናት። «ሂጂ ልጄ፣ አንቺ እስክትመለሺ አይመጣም።»

ሰልፉ ሳቀ። ታቢታም እየሳቀች ተሻገረች።

ጠረጴዛው ላይ አዲስ አምፕሊፋየር ተቀምጧል። ማይክሮፎኑን አነሳች። ትዘምርበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ማይክሮፎን ይዛ አታውቅም።

«ምን ልበል?» ብላ በመስኮቱ ጮኸች።

«የፈለግሽውን!»

ብታስብ ብታስብ የመጣላት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ትሰማኛለህ?»

ድምፅዋ ከምሰሶው ጫፍ ወጥቶ በቆርቆሮ ጣራዎቹና በጋሪ ፈረሶቹ ላይ ተዘረጋ። ወጣቱ ጆሮውን በጣቱ ነካ፤ ከዚያ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ሰምቻለሁ ማለቱ ነበር።

«ግዛቸው እባላለሁ» አላት ከመሰላሉ ወርዶ እጁን በሱሪው እየጠረገ። «ያንቺ ድምፅ እንኳ ማጉያ አያስፈልገውም።»

«ታዲያ ምን አስወጣህ?»

ግዛቸው ሳቀ። መሃል ከተማ ባለ የሬዲዮ መጠገኛ ቤት የሚሠራ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነበር። እኩዮቹ ብሔራዊ ውትድርና ሲሄዱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረየስ «ለአምፕሊፋየሩ ያስፈልገኛል» ብለው አስቀርተውታል።

ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ትንሽ ክዳን ፈትቶ አንዲት የመስታወት ቱቦ በመዳፉ ላይ አስቀመጠላት። ውስጧ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ተዘርግቷል።

«ይቺ ፊውዝ ናት። ሽቦዎች ተነካክተው ኃይል ሲበዛ ቀድማ ትቃጠላለች። እሷ ስትሞት ሌላው ይተርፋል።»

«ሌላ ፊውዝ ካልተገኘስ?»

«በከተማው ያለው ሠራተኛ ሁሉ በቦታዋ ወፍራም ሽቦ ያስራል። መሥራቱንስ ይሠራል። አንድ ቀን ግን ዕቃውን ሁሉ ያቃጥለዋል። እኔ አላደርገውም፤ ፊውዝ ከሌለ ሥራውን እተወዋለሁ።»

«ኩራተኛ ነህ።»

«ፈሪ ነኝ» አለ፤ ፊውዟን ወደ ቦታዋ መለሰ።

ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየሩ ብዙ መፈተሽ ጀመረ። ሽቦው ላልቷል፣ ጡሩምባው ዞሯል፣ ዝናብ ገብቶበታል፤ ምክንያት አይጠፋም። በተፈተሸ ቁጥር ታቢታ «ትሰማኛለህ?» ትላለች፤ ግዛቸው ከምሰሶው ላይ ጆሮውን ነክቶ እጁን ያነሳል። ስኳር ጠባቂዎቹ እየተጠቃቀሱ ይስቁባቸዋል።

ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ በሐይቁ ዳር አብረው ይሄዳሉ። ብዙ አያወሩም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጥማጆች በሚጥሉት የዓሣ ጭንቅላት ሲሻሙ እያዩ ይቆማሉ፤ ከዚያ እሷ ቀድማ ትሄዳለች፣ እሱ ትንሽ ቆይቶ ይከተላል። የግዛቸው እናት «ጴንጤ ልታገባልኝ ነው?» ብለው ለአንድ ሳምንት አኩርፈዋል። የታቢታ እናት ወይዘሮ ገበያነሽም «ከጸሎት ቤት ውጪ ሰው ጠፋ ወይ?» ብለዋል። ቢሆንም ሁለቱም እናቶች እየለዘቡ መጥተው ነበርና፣ ሽማግሌ ለጥር ሊላክ ታሰበ።

በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጓድ ገብረየስ ታቢታን አስጠሯት።

«እንዲህ ያለ ድምፅ እያለ የእኔን ሻካራ ጉሮሮ ማን ይሰማል? ይህንን አንብቢልን።»

አነበበችው። «ወጣቶች ሆይ! የቀበሌያችን የኳስ ቡድን ተጫዋቾች ይመረጣሉ። ማልያና ጫማ ይታደላል። ፈጥናችሁ ወደ ቀበሌው ግቢ ኑ!»

ግዛቸው ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ቆሞ ፈገግ አለላት። እሷም ደስ ብሏት ደግማ አነበበችው።

ወጣቶቹ ግቢውን ሞሉት። ታናሽ ወንድሟ ደረሰ የጫማውን ክር አሥሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ።

«ታቢ! የግራ ክንፍ ነው በያቸው!» አላት በመስኮቱ በኩል።

በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተዘጋ። አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያቸውን ይዘው ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ወጡ። የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን አስነሱ። ለውትድርና አፈሳ ነበር።

ማይኩ ገና በእጇ ነበር። «ደረሰ!» ብላ ስትጮኽ ጩኸቷ በጡሩምባው ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰው። ወይዘሮ ገበያነሽም እቤታቸው ሆነው ሰሙት።

ግዛቸው ዘሎ ስፒናውን ነቀለ። የመጣው ዝምታ ከጩኸቱ ባሰ።

«ምሳውን እንኳ አልጨረሰም» አሉ እናቷ፣ ታቢታ ቤት ስትገባ። «‹ታቢ ከጠራች እውነት ነው› ብሎኝ ሄደ።» ከዚያ በኋላ አላናገሯትም። ምግብ ያቀርቡላታል፤ ፊታቸውን ግን ያዞራሉ።

ግዛቸው ሱቁ ድረስ መጣ። ታቢታ ዓይኗን ከሚዛኑ ላይ አላነሳችም።

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«አምንሃለሁ። ግን ባየሁህ ቁጥር ያ ምሰሶ ይታየኛል። አሁን ሂድልኝ።»

ሄደ፤ የሄደው ግን ወደ ጓድ ገብረየስ ነበር። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሥራ ብዛት የሰበረው ትከሻ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነበራቸው።

«ደረሰን ይልቀቁልኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሁሉም ልጁን ልቀቅልኝ ይለኛል። የእኔ ልጅ ሰሜን ነው ያለው፤ ወሬውን ከሰማሁ ቆየሁ። እኔ ማንን ልቀቅልኝ ልበል?» ግንባራቸውን አሹት። «እሁድ መኪኖቹ ይወጣሉ፤ የተባልኩት ቁጥር ግን አልሞላም። ካልሞላ የምታሰረው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ታቦር ኮረብታ ሥር ባለው ሜዳ ላይ አምፕሊፋየሩን ትተክላለህ። እዚያ ያሉት ወጣቶች ገና አልነቁም። ታቢታ ትጥራ። ከጠራች ወንድሟን እለቅላታለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ያንኑ ቃል ለታቢታም ነገሯት። እናቷም ሰሙ። ከስንት ዝምታ በኋላ ያወጡት የመጀመሪያ ቃል «ጥሪ» የሚል ነበር። «እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ጥሪ።»

ታቢታ ግዛቸውን ሐይቁ ዳር አገኘችው። ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ብጠራ የእነዚያ ልጆች እናቶች እንደ እናቴ ይሆናሉ። ባልጠራ እናቴ ትሞትብኛለች። አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገረኝ። ምን ላድርግ?»

ግዛቸው ውሃውን እያየ «ጥሪ» አላት።

የሰማችውን ማመን አቃታት። «ምን አልክ?»

«የተባልሽውን አድርጊ። አንድ ቃል ሳታጎድዪ፣ ሊቀመንበሩ ፊት። የቀረውን ለእኔ ተዪው።»

«ምኑን ነው ለአንተ የምተወው? አንተማ ምሰሶህ ላይ ትወጣለህ!» እንባዋ ወረደ። «ይቺ አምፕሊፋየር ከውትድርና ስላስቀረችህ ነው አይደል? ፈሪ ነኝ ያልከኝ እውነትህን ነው።»

ግዛቸው የሚያስበውን ቢነግራት ማይኩን ስትይዝ ፊቷ እንደሚያጋልጣት ያውቅ ነበር። ትታው ስትሄድ እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ ተወው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ታቦር ሥር ያለው ሜዳ ፀሐይ ሞልቶታል። ኮረብታው ላይ ካሉት ቤቶች የልጆች ጫጫታ ይሰማል። መኪኖቹ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ቆመዋል። ግዛቸው ሁለቱን ጡሩምባዎች ሰቀለ፤ ሽቦውን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ።

«ፈትሽ» አሉ ጓድ ገብረየስ።

ታቢታ ማይኩን አነሳች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ከምሰሶው ላይ የተነሳ እጅ አልነበረም።

«ሁለተኛው ጡሩምባ ወደ ኮረብታው ይዙር» አለ ግዛቸው፤ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ መሰላሉን ወጣ። እዚያ ላይ የተላጡትን ሁለት የሽቦ ጫፎች አንድ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ ሸፈናቸው። ወርዶ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ አምፕሊፋየሩ ላይ ጎንበስ አለ፤ ትንሿን ክዳን ፈትቶ መልሶ ገጠማት። ከዚያ ኃይሉን ለቀቀ፤ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው።

«ጥሪ» አላት ቀስ ብሎ።

ታቢታ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። «ወጣቶች ሆይ!...»

አንድ ጉርምርምታ ተሰማ። ከዚያ ምንም። እሷ መቋረጡን ሳታውቅ መጥራቷን ቀጠለች፤ ድምፅዋ ግን ከጠረጴዛው አላለፈም። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሸተተ፤ ከአምፕሊፋየሩ ጥቁር ጭስ ወጣ። ኮረብታው ላይ ልጆቹ ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

ጓድ ገብረየስ ጮኹ። ጠባቂዎቹ ግዛቸውን በሁለቱም ወገን ያዙት።

«አሻጥር ነው?»

«ስህተት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ፊውዝ ጠፍቶ በሽቦ ተክቼው ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት። ሽቦዎቹም ሳላውቅ ተነካክተዋል። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እሷ ግን የተባለችውን አድርጋለች። እርስዎ ፊት ጠርታለች። ቃል ገብተውላታል።»

ሊቀመንበሩ ታቢታን አዩ፤ አሁንም ማይኩን እንደያዘች ነበረች።

«የጎደለኝን በማን ልሙላ?»

«አምፕሊፋየር ከሌለ እኔም ከውትድርና የምቀርበት ምክንያት የለም። በደረሰ ቦታ እኔን ይጻፉ።»

ጓድ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ቃሌን አልበላም» አሉ። «ውሰዱት። ያንን ልጅ ፍቱት።»

ሲያልፉ ግዛቸው ጠባቂዎቹን «አንዴ» ብሎ ቆመ። ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ በታቢታ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

«ያዢልኝ» አላት።

ደረሰ ማታውኑ ቤት ገባ። እናቱ አቅፈውት ሲያለቅሱ ታቢታ በሩ ላይ ቆማ መዳፏን ከፈተች። የመስታወት ቱቦዋ ነበረች። ወደ ብርሃኑ አስጠጋቻት። ፀጉር የምታህለዋ ሽቦ አልተበጠሰችም፤ መስታወቱም አልጠቆረም።

ፊውዙ አልጠፋም ነበር። እሱ ራሱ ነው ያወጣው።

ያን ጊዜ «ጥሪ» ያላት ለምን እንደሆነ ገባት። ሐይቁ ዳር «ፈሪ» ያለችውም ትዝ አላት።

መኪኖቹ የሚወጡት በማግስቱ ጠዋት ነበር። መንገዱ ዳር ያለቅስ የነበረውን ሕዝብ እየገፋች ደረሰች። ሞተሮቹ ያጓራሉ፤ እናቶች ስም ይጠራሉ። ግዛቸው በመጨረሻው መኪና ላይ፣ ጥግ ይዞ ቆሟል። ብትጮኽ አይሰማትም። ይቅርታ ልትለው፣ እወድሃለሁ ልትለው ፈልጋ፣ ከንፈሯን ከፈተች።

«ትሰማኛለህ?»

ድምፅ አልወጣትም። እሱ ግን ከንፈሯን አየ። ጆሮውን በጣቱ ነካ፤ እጁን ከሰው ራስ በላይ አነሳ። አቧራው እስኪሸፍነው ድረስ አላወረደውም።

መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ወታደሮች በእግራቸው፣ ቡትቶ ለብሰው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ግዛቸው አልመጣም። ሞቷል ያለም የለም። የግዛቸው እናት ታቢታን ልጄ ማለት ጀመሩ፤ በበዓል በበዓል አብረው ይውላሉ፤ የእሱን ስም ግን ሁለቱም አያነሱም።

የታሸገው ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ምእመናኑ አሮጌ አምፕሊፋየር አገኙ። ሊተክል የመጣው ሠራተኛ ከጀርባው ክዳኑን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ፊውዙ ተቃጥሏል። ግድ የለም፣ በሽቦ አስረዋለሁ።»

«አይሆንም!» አለች ታቢታ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከመሐረብ ውስጥ የመስታወት ቱቦዋን አወጣች። ለአፍታ በጣቶቿ ይዛት ቆየች። ከዚያ ሰጠችው።

«ልክ ናት» አለ ሠራተኛው ተገርሞ። «ከየት አገኘሻት?»

«የሰው ናት።»

ጣራው ላይ ወጥቶ «በይ ተናገሪ!» አላት። ደረሰ ማይኩን አቀበላት። ሰው ሁሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለች ብሎ ጠበቀ። ታቢታ በተከፈተው በር መንገዱን አየች።

«ትሰማኛለህ?»

ድምፅዋ ከጣራው ተነስቶ ወደ ሐይቁ ሄደ።

«ይሰማል!» አለ ሠራተኛው ከላይ።

እሷ ግን ማይኩን አላወረደችም፤ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ቆማ ቀረች።