የጎተራው ጌታ

ሚስኪ ከመልኩ በፊት ድምፁን ታውቀው ነበር። ስለዚህ ባዲዓ በሚባለው ሰፈር፣ በምትሠራበት የዐረብ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ መጋረጃ የሚሰቅለው ወጣት ዘወር ብሎ «እህቴ፣ መሰላሉን ያዝ አድርጊልኝ» ሲላት፣ መሰላሉን ትታ አፏን ያዘች።

«ምነው? ልወድቅ ነው እንዴ?»

«ሲራጅ ነህ አይደል? የሰባቱ አምባ ሲራጅ?»

የያዘው መንጠቆ ከእጁ አመለጠ። ማዳሟ በሩ አጠገብ ቆማ ስልኳን ትነካካ ስለነበር ሁለቱም ዝም አሉ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ጆሮው ግን ቲማቲም መስሏል። እስከዚያች ቀን ድረስ ከአድማጮቹ አንዷን እንኳ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።

የሰባቱ አምባ ተረት የተጀመረው መንፉሐ በሚባለው ሰፈር ነው። በ2006 ኅዳር፣ በዚያ የአፈሳ ሰሞን፣ ሐበሻው ሁሉ በር ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ሲራጅ አንድ ክፍል አብረውት የሚኖሩትን ጓደኞቹን ፍርሃት ለማስረሳት አንድ ረጅም ተረት ፈጠረ። ዘንዶ የተኛበት ተራራ፣ ሰባት አምባ፣ ዙፋን የሚናጠቁ መሳፍንት። ረታ የሚባለው ጓደኛው በስልኩ እየቀዳ ለእህቱ ላከላት፤ እህቱ ለጓደኞቿ፣ እነሱም ለጓደኞቻቸው። አፈሳው አልፎም ተረቱ አልቆመም። አሁን ሲራጅ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ አግኝቶ፣ ዐዚዚያ ሰፈር ቤት ተከራይቶ፣ ለአንድ መጋረጃ ሱቅ ይሠራል። ዐርብ ዐርብ ከሰዓት ደግሞ በየሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ማዳመጫቸውን በሻሻቸው ሥር ሸጉጠው፣ ዋትሳፕ ላይ በከፈቱት ቡድን ድምፁን ይጠብቃሉ።

ማዳሟ ወደ ውስጥ ገባ ስትል ሚስኪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነገር ልንገርህ። የመብረቅ ቤቶችን አልወዳቸውም» አለችው።

«ነገሥታቱን? እነሱን የማይወድ የለም እኮ።»

«እኔ የምወደው የቁልፍ ቤቶችን ነው። የተራራውን በር የሚጠብቁትን። በር ይከፍታሉ፣ ፈረስ ይጭናሉ፣ የሰው ልጅ ያሳድጋሉ፣ ከዚያ አንተ ትረሳቸዋለህ።»

«እነሱማ የተረቱ ማሸጋገሪያ ናቸው። ትናንሽ መሳፍንት።»

«እስቲ አውጣቸውና እየው፣ ተረትህ ይቆም እንደሆነ።»

ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አያት። እሷም ቀና ብላ አየችው። ማንኛቸው ቀድመው ዓይናቸውን እንደሰበሩ በኋላ ብዙ ተከራክረዋል።

የስልክ ቁጥሩ ቡድኑ ውስጥ ስለነበር እሷን የቸገራት የምትጽፍበት ምክንያት ብቻ ነው። በማግስቱ «መጋረጃው በስተቀኝ ዘመም ብሏል» ብላ ላከችለት። እሱም «አልዘመመም» አላት። እውነቱን ነው፣ አልዘመመም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወራቱ በድምፅ አለፉ። እሷ ልብስ እየተኮሰች፣ እሱ በሱቁ መኪና ኋላ ከጨርቅ ጥቅል ጋር ተቀምጦ ያወራሉ። ዐርብ ሲተርክ እንኳ ለሁሉም እየተናገረ ቃሉን የሚመርጠው ለአንዲት ሰው ሆነ። ረታ ነቅቶበት «አንተ ልጅ፣ ዘንዶው ራሱ አፍቅሯል እኮ» እያለ ያሾፍበት ጀመር።

አንድ ቀን ሚስኪ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረችው።

አባቷ አቶ አሊዪ፣ አገር ቤት፣ ሐርቡ አካባቢ ጠብ ሲነሳ ቀድመው የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሀብታም አይደሉም፤ ግን እሳቸው ሳይቀመጡ እርቅ አይጸናም ነበር። ሚስኪ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ ሊያስታርቁት ያሰቡትን አንድ ባለ ጠብ «በእኔ ጥላ ሥር ነህ» ብለው ቤታቸው አሳደሩት። ጠዋት ጠላቶቹ ዱላና ገጀራ ይዘው መጡ። አቶ አሊዪ ጎተራ ውስጥ ተደበቁ። እንግዳው ተጎትቶ ወጣ፤ ክንዱ እንደተሰበረ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ሽማግሌ ሁነኝ ብሎ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።

«ሰው የማያውቀው፣ እኔም ጎተራው ውስጥ ነበርኩ» አለችው። «አቅፎኝ ሮጦ አስገባኝ፤ እኔን አስቀምጦ ሊወጣ ነበር። እኔ ግን አንገቱን አንቄ አልለቅ አልኩት። ጥሎኝ ቢወጣ እጮህና ያገኙኝ ነበር። ይሄን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ልጄን ሰበብ አላደርግም ብሎ ነው። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።»

ሲራጅን እንዲህ አምኖ የነገረው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን እንዴት እንዳደረገው ራሱም ሊገባው አልቻለም። ዐርብ ደረሰ፤ የሚተርከው አጥሮታል። የቁልፍ ቤቶችን እንደምትወድ አሰበና አንድ ሙሉ ክፍል ልስጣቸው፣ ደስ ይላታል አለ። የቁልፍ ቤት ጌታ አንድ ስደተኛ አስጠለለ። ጠላት መጣ። ጌታው ጎተራ ገባ። እዚህ ላይ አንደበቱ ቀልድ ቀልድ አለው። ማሽላው በጌታው ጆሮ ገባ፤ አይጥ ጺሙ ላይ ተቀመጠች፤ ጌታውም «እባክሽ ዝም በይ፣ ጌታሽ ነኝ» ብሎ ለመናት። ልጅቷ ተረቱ ውስጥ አልነበረችም።

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ኸዲጃ የምትባለው፣ ሳትጠየቅ ቡድኑን የምትመራው የሐርቡ ልጅ፣ «ይሄን ሰውዬ እኮ እኛ አገር አውቀዋለሁ ወላሂ» ብላ ሳቁን አባሰችው። ሲራጅ የሳቁን ድምፅ ደጋግሞ እየከፈተ ሰማ። ደስ ብሎታል።

ሚስኪ ሳህን እያጠበች ነበር። የቧንቧውን ውሃ መዝጋት ረስታ ቆመች፤ ማዳሟ መጥታ ዘጋችላት።

ለሳምንታት አላናገረችውም። በመጨረሻ ስትደውል ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«ሐርቡ ደርሷል» አለችው። «ኸዲጃ ለዘመዶቿ ልካው፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሄዶ አሁን ገበያው ውስጥ ነው። አባቴን የጎተራው ጌታ እያሉ ይከተሉታል። የተረሳ ነገር ነበር፣ ሲራጅ። ሊረሳ ምንም አልቀረውም ነበር።»

«ስሙን እኮ አልጠራሁም።»

«ጎተራውን ጠራኸው።»

ጆሮው ላይ የያዘው ስልክ ከበደው።

«እኔስ?» አለች። «እዚያ ውስጥ እንደነበርኩ ነግሬህ የለም? እኔን ለምን አወጣኸኝ?»

አንቺን ልሰውር ብዬ ነው ሊል ይችል ነበር። ታምነው እንደሆን እንጃ፤ ቃሉ ግን ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልቻለም።

«አንቺ ካለሽ አያስቅም» አለ።

እንዲህ ብሎ ሲያበቃ ፊቱ ነደደ። ሌላ ሰው የተናገረው ቢሆን ኖሮ ያንን ሰው በጠላው ነበር።

«ቤተሰቦቼን ከተረትህ አውጣልኝ» አለች። «ሌላ የምልህ የለም።»

በሚቀጥለው ዐርብ ሲራጅ ድምፁን ላከ። «እህቶቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተረቱ ውስጥ የቁልፍ ቤት የሚባል የለም። ኖሮም አያውቅም» አለና ከመብረቅ ቤት ሊቀጥል ሞከረ።

ጥያቄው ወዲያው ዘነበ።

«ታዲያ ልዑሉን ከእስር ማን አወጣው?»

«አላውቅም።»

«ሕፃኑን ንጉሥስ ማን ደብቆ አሳደገው?»

«እሱንም አላውቅም።»

«የዘንዶውን ስም የሚያውቁት እነሱ ብቻ አልነበሩም እንዴ? አሁን ማን ያስተኛዋል?»

ሲራጅ አንድ ነገር ፈጠረ፤ ከበፊቱ ጋር ተጋጨ። ሌላ ፈጠረ፤ እሱም አልያዘም። የሰባቱ አምባ ነገሥታት አንድም በር የሚከፍትላቸው ሰው ጠፍቶ እንደቆሙ ቀሩ። ያኔ ነው ትናንሾቹ መሳፍንት ስንት ነገር ተሸክመው እንደነበር የገባው። ፈጣሪያቸው እሱ ሆኖ ሳለ አላየውም፤ ያየችው ሳህን የምታጥብ አድማጭ ናት። ይህም ሌላ ሐፍረት ሆነበት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ይሄ ሰውዬ አልቆበታል» አለች ኸዲጃ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከቡድኑ ወጡ። የቀሩትም የቀሩት ለማሾፍ ነበር። ሲራጅ በየዐርቡ እየመጣ ይሞክራል፣ ይንተባተባል፣ ይሳቅበታል።

ረታ አላስቻለውም። «ወንድሜ፣ ለምን አትነግራቸውም? የሰው ገመና ነክቼ ነው ያወጣኋቸው በል፣ በቃ።»

«የማን ገመና ቢሉኝስ? ኸዲጃ የሐርቡ ልጅ ናት፣ ወዲያው ነው የምትደርስበት። በእኔ ይሳቁ፣ ግድ የለም።»

ረታ ነገር ሆዱ ውስጥ የማይቆይለት ሰው ነው። ይህን ቃል በቃል ለሚስኪ ልኮላት አረፈው።

ሚስኪ ልብስ ልታሰጣ ጣራ ላይ ወጥታ ነበር የሰማችው። እስከዚያ ድረስ በየዐርቡ ሲዋረድ እየሰማች ይገባዋል ስትል፣ ደግሞ ይገባዋል በማለቷ ስታፍር ከርማለች። አሁን ግን እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ተቀመጠች። በእሷ ምክንያት ዝም ብሎ የሚሳቅበት ሰው ስታይ ይህ ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያውን ስታይ ልጅ ነበረች፤ ምንም ማድረግ አልቻለችም።

ስልኳን አወጣች። ቡድኑ ውስጥ ድምፅዋን ማንም ሰምቶት አያውቅም።

«ሲራጅ ተረቱን ያቆመው እኔ ለምኜው ነው» አለች። «አሁን እኔ ልቀጥል። ያ ጌታ ጎተራው ውስጥ ብቻውን አልነበረም። ትንሽ ልጁ አብራው ነበረች። እሷን አስቀምጦ ሊወጣ ሲል አንገቱን አንቃ ያዘችው። እስከ ወገቡ ማሽላ ውስጥ ቆሞ፣ አፏን በእጁ ከድኖ፣ እንግዳው ሲጎተት ሰማ። እንባው አናቷ ላይ ይወርድ ነበር፤ ሙቀቱን እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች። በኋላ ሰው ሁሉ ፈሪ ሲለው ልጄን ይዤ ነበር አላለም። ልጅቷ አድጋ ሰው አገር ሄዳ መጥረጊያ ያዘች። አሁንም የቁልፍ ቤት ልጅ ናት።»

መጀመሪያ የመጣው የኸዲጃ ድምፅ ነው፤ ማሾፉን ትቶታል።

«የአቶ አሊዪ ልጅ ነሽ» አለች። «አፉ በይኝ፣ እህቴ። ያንን አገር ቤት የላክሁት እኔ ነኝ። ከፈቀድሽልኝ ይሄንንም እልከዋለሁ። በዚያው መንገድ ይሂድ።»

ሚስኪ አንሶላውን አጥብቃ ጨመቀችና «ላኪው» አለቻት።

ረመዳን ሊገባ ሲል የዚያ ቤት መጋረጃ ሊታጠብ እንዲወርድ ታዘዘ። ሲራጅ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። በሩን የከፈተችለት ሚስኪ ናት። ዓይኑን ከጫማው አላነሳም፤ መሰላሉን ዘርግቶ ሥሩ እንደቆመ ቀረ። መውጣት አቃተው።

«ያዝኩት፣ ውጣ» አለችው።

«ሚስኪ፣ እኔ...»

«ውጣና አውርድ። ማዳም ታየናለች።»

ወጣ። መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። ከሥር ድምፅዋ መጣ።

«አባቴ ሰምቶታል። ገበያ ላይ ነው ያሰሙት። ደውሎልኝ ብዙ አላወራም፤ ልጁን አገናኚኝ ነው ያለኝ። እኔ ስላንተ የሚሰማኝን ነግሬዋለሁ። የቀረው ያንተ ነው።»

«የሚሰማሽ ምንድነው?»

ቀና ብላ አየችው። በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልሰበረችም። ሲራጅ መጋረጃውን ጭንቅላቱ ላይ ጣለው፤ ጨርቁ ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ ማዳሟ ሥራ የበዛበት ነው የመሰላት።

ዐርብ፣ በተረቱ ሰዓት፣ ዐዚዚያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሐርቡ ደወለ። ወፍራም፣ ቀስ ያለ ድምፅ ተቀበለው።

«ያሳቅህብኝ አንተ ነህ?» አሉ አቶ አሊዪ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ኋላ የተሳቀብህስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ተነፈሱ። «ዝም ማለት እንዴት ከረመ?»

«ከባድ ነው።»

«ከባድ ነው» አሉ እሳቸውም። «ልጄን ምን ይፈልጋል ብላት እሱን ጠይቀው አለችኝ። ምን ፈለግህ?»

«እሷን፣ አባባ። በወጉ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ...»

«ላካ። ማን ከለከለህ?»

ሲራጅ ግንባሩን ጠረገ። በሕይወቱ ያን ያህል ያፈረበት፣ ያን ያህልም እርግጠኛ የሆነበት ጊዜ አልነበረም።

«በዚያ አገር ቃላቸው የሚጸና አንድ ሽማግሌ ነው የማውቀው። እሳቸውም እርስዎ ነዎት። ከቸገረኝ ሰው አንዱ አድርገው ቁጠሩኝና ሽማግሌ ይሁኑኝ። እርስዎው ራስዎን ይለምኑልኝ።»

ከወዲያ ምንም አልተሰማም። ሲራጅ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው። አልተቋረጠም። መልሶ ሲያስጠጋው አሮጌ አልጋ ሲንቋቋ፣ ሰው ሲነሳ ሰማ።

«ቆየኝ» አሉ አቶ አሊዪ። «ጋቢዬን ልልበስ። ለሽምግልና እንዲህ ሆነው አይቀመጡም።»