ያልጠፋው የፍሬን መብራት

ግርማ በተቀበረ በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ባለችው የእድሩ ክፍል እነዚህ ሰዎች ነበሩ፦ የሟቹ ሚስት እታገኘሁ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ አብዱ፣ የእድሩን ሞተርሆም ከግርማ ጋር እየተፈራረቀ የሚነዳው ፍስሐ፣ ጋርዴና ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ ጌድዮን፣ እንዲሁም የኢንሹራንስ አደጋ መርማሪዋ ፋና። ፋናን የጠራቻት እታገኘሁ ናት።

ሞተርሆሙ፣ ውስጡ እንደ ቤት የተሠራው ትልቅ መኪና፣ የተገዛው ለለቅሶ ነው። ሩቅ ከተማ ሰው ሲሞት ወንበሩንና ድስቱን ጭኖ ይሄዳል። ያን ቀን ቤከርስፊልድ ለቅሶ ተሰማና ግርማ ዕቃውን ይዞ ብቻውን ቀደመ። ረጅሙን ቁልቁለት ሲወርድ ከመንገድ ወጥቶ በግራ ጎኑ ከአለት ጋር ተላተመ። ፖሊስ እንቅልፍ ሳይወስደው አልቀረም አለ።

«ከናይት ሺፍት ገብቶ ገና ጎኑን ማሳረፉ ነበር» አለች እታገኘሁ። «‹ተነስ፣ ሰው ምን ይለናል?› ብዬ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም። ፋናዬ፣ የገደልኩት እኔ ከሆንኩ ንገሪኝ።»

 ፋና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ አብዱ፣ ግርማ ዘይት ያስመረምር ነበር አሉ።»

«ኧረ ተይኝ! የሞተሩን ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ እየቀዳ ላብራቶሪ ይልካል፤ መልሱ ሁልጊዜ ‹ጤነኛ ነው›። እኔ የራሴን ደም እንዲህ አላስመረመርኩም! ይሄ የትልልቅ ናፍጣ መኪኖች ነገር ነው፤ የእኛ በቤንዚን ነው የሚሄድ፣ በጊዜው መቀየር ይበቃዋል አልኩት።»

ፍስሐ ፈገግ ሊል ጀምሮ እታገኘሁን ሲያይ ተወው።

«የፍሬኑንስ ዘይት?»

«እሱን የመመርመሪያ ወረቀት ነክሮበት ራሱ አየው። ውሃ ገብቶበታል አለ። እሺ ይቀየር አልኩና ለጌድዮን ሰጠነው።»

«ጌዲ፣ ቀየርከው?»

«ሙሉውን» አለ ጌድዮን።

«ከጎማው ሥር ሆነህ አሮጌውን ስታስወጣ፣ ዘይቱ እንዲገፋ ፍሬኑን ማን ረገጠልህ?»

«ማንም። ፓምፕ አለኝ።»

«ፍስሐ፣ የአደጋው ቀን ተራው ያንተ ነበር።»

«ሎንግ ቢች ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ሱፐርቫይዘሩ አልለቅም አለኝ። ሶ፣ ለግርማ ደወልኩለት።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «የእኔን ሞት ነው የወሰደው።»

በማግስቱ ፋና የተሰባበሩ መኪኖች ወደሚቆሙበት ግቢ ሄደች። የግቢው ጠባቂ ሲሀም ወደ ሞተርሆሙ አልቀርብም አለች።

«ይቺ መኪና የሆነ ነገር አለባት። ጎትተው ሲያመጧት የኋላ ቀይ መብራቷ ይበራ ነበር። ሹፌር የለ፣ ቁልፍ የለ! ባትሪዋን እስኪነቅሉላት ድረስ አልጠፋም። አሁንም በዚያ ሳልፍ ጀርባዬን ያየኝ ይመስለኛል።»

ፋና በሹፌሩ በር ጎንበስ ብላ አየች። የፍሬኑ ፔዳል ተጣሞ ከወለሉ ጋር ተጣብቋል። ከፀሐይ መከላከያው ኋላ የመመርመሪያ ወረቀት ተሰክቷል፤ የጉዞው ቀን ተጽፎበታል፤ ቀለሙ «ውሃ የለም» ይላል። የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፈተች። ውስጡ እንደ ነጭ ማር የጠራ ነው።

ብዙ ቆመች። ዘይቱ ደህና ከሆነ ፍሬኑ ምን ነካው? ከዚያ ልብሷ ይቆሽሻል ሳትል ከጎማዎቹ ሥር ገባች።

ሐሙስ ዕለት ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ የጠራ ነው፤ ሌላው እንደ አተላ የጠቆረ።

«ሁለቱም ከአንድ መኪና የተቀዱ ናቸው» አለች። «የጠራው ከላይ፣ ከማጠራቀሚያው ነው። ጥቁሩ ከታች፣ ከጎማው። ጥቁሩ ውሃ የተሞላ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ያ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፤ ያኔ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም።»

«እኮ ማን ነው?» አሉ ጋሼ አብዱ።

«እርስዎ የሞተሩን ዘይት መመርመር ነቀፉ እንጂ የፍሬኑን መቀየር አልከለከሉም። ፍስሐም እውነቱን ነው፤ ሱፐርቫይዘሩን ጠይቄአለሁ። አሮጌው ዘይት የሚወጣው በየጎማው ኋላ ባለች ብሎን ነው። ፓምፕም ቢኖር ብሎኗ ሳትፈታ ጠብታ አይወጣም። አራቱም ላይ የደረቀው ጭቃና ዝገት ሳይነካ ነው ያገኘሁት። ፎቶ አንስቼ ነው ያስፈታሁት። ግርማ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ መርምሮ ነበር። ወረቀቱን የነከረው ግን ከላይ ነው፤ ከላይ ያለውን ደግሞ አንድ ሰው አሳምሮለታል።»

ሁሉም ጌድዮንን አዩት።

«ልጨርሰው ነበር» አለ። «የላዩን ቀይሬ ጎማዎቹን ለነገ አሳደርኳቸው። ጠዋት ለቅሶው ተሰማ። ግቢዬ በሰው ተሞላ፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ድስት ይጫናል። ጋሼ አብዱ ‹አልቋል?› አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። አልቋል አልኩ።»

«‹ፍጠን› እያልኩም ጮኼብሃለሁ» አሉ ጋሼ አብዱ ቀስ ብለው።

«እንዴት ‹አላለቀም› ልበል፣ ጋሼ? ሰው እያለቀሰ?»

 ፋና ወንበሯን ወደ እታገኘሁ አስጠጋች።

«እትዬ እታገኘሁ፣ የተኛ ሰው ፍሬን አይረግጥም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሳለ ነው የተጣመመው፤ ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው የኋላ መብራት ከአደጋው በኋላም አልጠፋ ያለው ለዚያ ነው። ግርማ እስከ መጨረሻው ነቅቶ ነበር።»

እታገኘሁ ጥቁሩን ጠርሙስ አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ብርሃን አላሳለፈም። መልሳ አስቀመጠችው።

ጌድዮን በማግስቱ ሄዶ ቃሉን ለፖሊስ ሰጠ። እታገኘሁ የዚያን ዕለት መብራቱን አጥፍታ ተኛች።