ላስቲኩ ያልተላጠ ላፕቶፕ

እቤታችሁ ውስጥ ላስቲኩ ያልተላጠ ሪሞት ካለ ይህን ታሪክ የጻፍኩት ለእናንተ ነው። የለንም የምትሉም አንብቡት፤ ሶፋችሁን ሳላይ አላምናችሁም።

የእኛ ቤት ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው። በሙቀት ቀን የተቀመጠ እንግዳ ብድግ ሲል ከላስቲኩ ሲላቀቅ የሚወጣው ድምፅ አይነገርም። እንግዳው ያፍራል፤ እኛ ለምደነዋል። የማቀዝቀዣው በር ላስቲክ አለው። የግድግዳው ሰዓትም ላስቲክ አለው፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ወንበር ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ላስቲክ ያልደረሰበትን ደግሞ የእማዬ ዳንቴል ይሸፍነዋል።

ይህን ሕግ ያወጣው አባባ ነው። አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። «ዕቃ የሚሞተው የተከፈተ ቀን ነው» ይላል። ለእሱ ጥሩ ዕቃ ማለት ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ቢመቸው ኖሮ እኛንም እዚያው ይደረድረን ነበር።

ታላቅ እህቴ የላብራቶሪ ትምህርቷን ስትጨርስ ቤተሰቡ አዋጥቶ ላፕቶፕ ገዛላት፤ ሥራ የምትፈልግበት። ከካርቶኑ ሲወጣ አባባ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ክዳኑ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ላስቲክ ልትልጥ ጥፍሯን ስትሰድ እጇን ያዛት።

«ተዪው፣ ይጠብቀዋል።»

ያ አልበቃ ብሎት ሆዱንም ጎኑንም በወፍራም ላስቲክ ጠቀለለው። እማዬ ደግሞ ከሥሩ የሚነጠፍና ከላዩ የሚለብሰው ዳንቴል ሠራችለት። ቤታችን ሕፃን የተወለደ ነበር የሚመስለው።

ብዙም ሳይቆይ ላፕቶፑ ማዛጋት ጀመረ። ተከፍቶ እስኪነሳ ድረስ ቤት ተጠርጎ ያልቃል። ቀስቷ መሀል መንገድ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ጭራሽ ድርቅ ይላል፤ ስክሪኑ እንደ ተሰቀለ ፎቶ ያፈጥባችኋል። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ ደግሞ ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ታቃስታለች።

እቤታችን የኤሌክትሪክ ነገር ሲበላሽ የሚጠራው የእማዬ ወንድም ነው። እኔ ጋሽ ቫይረስ ብዬዋለሁ፤ ከዚህ ሌላ በሽታ አያውቅም። ቧንቧው ቢደርቅም ቫይረስ ነው ከማለት አይመለስም።

«ቫይረስ ነው» አለ፣ ላፕቶፑን ገና ሳይከፍተው።

«በምን አወቅክ ጋሼ?» አልኩት።

«በልምድ ነዋ። አንቺ ከየትም ያወረድሽውን ፊልም እያጎረስሽው።»

«እኔ እንድነካው መቼ ተፈቀደልኝና?»

«ምላስሽም እንደ ቫይረስ ይተላለፋል» አለና ላፕቶፑን ጎኑ ላይ በጥፊ አለው። ደንግጦ ይሁን ታክቶት፣ ነቃ። «አያችሁ» አለ ጋሽ ቫይረስ፤ ከዚያ አንቲቫይረስ ጭኖበት ሄደ። ሌላ ጊዜ መጥቶ ሌላ ጫነ፤ የበፊቱን ግን አላወጣውም። ቀጥሎ ሦስተኛ ጨመረበት። «አንዱ ዘበኛ ቢተኛ ሌላው ይነቃል» ነው የሚለው። ሦስቱ ዘበኞች ግን እርስ በርሳቸው ሲፈታተሹ ባለቤቲቱን ደጅ አስቀሯት።

እህቴ አንድ ቀን አባባን ለብቻው አገኘሁ ብላ ለመነችው። እኔ እዚያው ዳንቴል እያጠብኩ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ሙቀት ነው። ከሥሩ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው፤ ታፍኗል። ላስቲኩን ልላጥለት።»

«አዲስ ዕቃ አይታመምም።»

«ግሏል እኮ፣ ንካውማ።»

«የሚሠራ ነገር ይግላል። እኔስ ስሠራ አያልበኝም ነበር?»

«አንተ ላስቲክ ለብሰህ አልሠራህም» አልኩ እኔ። ዳንቴሌን ይዤ እንድወጣ ተደረገ።

እህቴም ላስቲኩን ሳትነካው ተወች። ጨዋ ናት፤ ጨዋነቷ ምን እንዳስከፈላት አሁን ታያላችሁ።

ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ከብዙ አመልካቾች መሀል መርጦ በቪዲዮ ሊያናግራት ቀጠረ። ሥራውን ምን ያህል እንደፈለገችው እኔ አውቃለሁ። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ በእንቅልፏ ሳይቀር መልስ ትመልስ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ነጭ ሸሚዟን ተኮሰች። እማዬ ለክብሩ ብላ አዲስና ወፍራም ዳንቴል አነጠፈችለት። እህቴ ልታነሳው ስትል «ሰዎቹ ባዶ ጠረጴዛ ቢያዩ ምን ይሉናል?» አለቻት። ካሜራው ጠረጴዛውን እንደማያሳይ ማስረዳት ስንጀምር ሰዓቱ ደረሰ። ዳንቴሉ ባለበት ቀረ።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ታዩ። እኔ ከበሩ ጥግ ሆኜ እሰማለሁ። ሁለት ሦስት ነገር ጠየቋት፣ እንደ ውሃ መለሰችው። ከዚያ ሴትዮዋ «የማን እንደሆነ ያልተጻፈበት የደም ናሙና ቢደርስሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት። እህቴ ፈገግ አለች። ይህንን ታውቀዋለች።

«መጀመሪያ» አለች።

መጀመሪያ እንዳለች ቀረች። የሴትዮዋ ፊት ቅንድቡን እንደሰቀለ ደረቀ። ማራገቢያዋ ጮኸች፣ ቀጥሎ ስክሪኑ ጠቆረ። «ቢያስፈልግ» ብሎ ከጠዋት የመጣው ጋሽ ቫይረስ ከኋላዬ ገፍትሮኝ ገባና ላፕቶፑን በጥፊ አለው። መልሶ ሲነሳ ሦስቱ ዘበኞች ተራ በተራ ፍተሻ ጀመሩ። እህቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሲከፈት ሰዎቹ የሉም። በስልክ ብትደውል ጸሐፊዋ «ቀጣዩ ገብቷል፣ እናሳውቅሻለን» ብላ ዘጋችባት። ያሳወቋትም ሌላ ሰው መውሰዳቸውን ነው።

መልእክቱ የመጣ ቀን እኔ የእማዬን መቀስ አነሳሁ።

«አስቀምጪ» አለ አባባ።

«አላስቀምጥም። ዕቃው አዲስ ሆኖ እንዲቀር ብለህ እሷን አስቀረሃት።»

«ልጄ፣ እድል ነው» አለች እማዬ። «ያልተጻፈልሽ አይሆንልሽም።»

«እድል አይደለም፣ ላስቲክ ነው። ዳንቴልም አለበት።»

«እኔ ቫይረሱን ነግሬያችሁ ነበር» አለ ጋሽ ቫይረስ።

 እህቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «አባባ» አለችው፣ «ጥያቄውን አውቀው ነበር።»

ይህን ብቻ ነው ያለችው። የእኔ ጩኸት ያላነቃነቀው ሰው በዚህ ተነሳ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያቃስት የዋለውን ላፕቶፕ አንስቶ ገለበጠው፤ ወዲያው እጁን ሰብስቦ ጣቱን እፍ እፍ አለ። ወፍራሙ ላስቲክ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቷል። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። 

«ግምጃ ቤት ሁለት የውሃ ፓምፖች ነበሩኝ» አለ አባባ። «ሠራተኞቹ ውሃ በባልዲ እያመላለሱ በየጊዜው ይጠይቁኝ ነበር። ለክፉ ቀን ነው እያልኩ መለስኳቸው። ጡረታ ስወጣ ከነማሸጊያቸው አስረከብኩ፤ አንድ ጭረት የለባቸውም ተብሎ ተጨበጨበልኝ። በኋላ ሲከፈቱ ውስጣቸው ዝጎ፣ አንዱም አልተነሳም አሉ።»

እዚህ ላይ ላዝንለት ይገባኝ ነበር። አላዘንኩም።

«ይህን እያወቅክ ነው?» አልኩት።

 መቀሱን ከእጄ ተቀበለኝና ላስቲኩን ራሱ መቅደድ ጀመረ።

«ቆይ አባባ፣ መጀመሪያ ይጥፋና ይብረድ» አለች እህቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ አዘዘች፣ እሱ ታዘዘ። ሲበርድ የቀለጠውን በስቴኪኒ ፈለቀቀች፤ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አወጣች፤ ያ ሁሉ ዳንቴል አቧራውን ሲያጠራቅም እንጂ ሲከለክል አልኖረም። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ከሦስቱ ዘበኞች ሁለቱን አሰናበተች፤ ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ሳይጠሩ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አስቆመች። የመጨረሻውን «ነይ፣ አንቺ አጥፊው» ብላ ለእኔ ተወችልኝ። ከዚያ አጥፍታ ስታስነሳው መጥረጊያውን ሳላነሳ ተከፈተ።

«በቃ፣ ቫይረሱ ሞተ» አለ ጋሽ ቫይረስ፣ ሊመርቀው መዳፉን እያነሳ። እማዬ አየር ላይ ያዘችለት።

እህቴ ለሌላ ሆስፒታል አመለከተች፤ ጠርተው አናገሯት። ያን ቀን አባባ ጋሽ ቫይረስን እንዳያስገባ በሩ ላይ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ላፕቶፑ አንዴም አልደረቀም። ውጤቱን ገና እየጠበቅን ነው። የመጀመሪያው ሥራ ግን የሌላ ሰው ሆኗል፤ እሱን ማንም አይመልስላትም። እኔም «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለኝን ሰው መስማት አልፈልግም።

ስለዚህ እናንተ ዕቃ ጠባቂዎች፣ ስሙ። ላፕቶፕ ሲዘገይ አትምቱት፤ ከሥሩ ዳብሱት። አልጋና ትራስ ላይ፣ ዳንቴል ላይ አታስተኙት። ሳትለዩ ዘበኛ አትቅጠሩለት። ከሁሉ በላይ ግን የምትሠራበት ልጅ «ታፍኗል» ስትላችሁ፣ ለዕቃው ከምትሳሱ ለእሷ ሳሱ። የዕቃ ክብሩ መሥራቱ ነው። ዕቃ ጠብቆ ሰው ማክሰር ቁጠባ ሳይሆን ክፋት ነው፤ ክፋት መሆኑን ባታውቁትም።

ትናንት አባባ ሶፋውን ገፈፈው። ሲጨርስ ሪሞቱን አነሳና ላስቲኩን ቀስ ብሎ ላጠ። አንድ ጭረት የለበትም፤ ቁልፎቹ ያብለጨልጫሉ። እጁ ላይ አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ዳንቴል ወደለበሰው ቴሌቪዥን አነጣጠረ።

ቴሌቪዥኑ ከተቃጠለ ቆይቷል። ማናችንም አባባን አላስታወስነውም፤ ራሱ አስታውሶ ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።