የእስስቷ አምፖል

እኔ አስካለ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያወራልኝ ሰው ሲገጥመኝ "ቅዠትህን ለሚስትህ ንገራት" ብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ፣ ሠፈሬ ያውቀኛል፣ ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ስኖር ከጅብ በቀር የፈራሁት ነገር የለም። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ አትሳቁብኝ፣ ከሳቃችሁም እኔ ፊት አትሳቁ፣ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።

ነገሩ በተከራይ ጀመረ። ከዋናው ቤት ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለችን፣ እሷን ሰላም ለምትባል ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ለምትሠራ ልጅ አከራየኋት። የአረርቲ ልጅ ናት፣ ሥርዓት ያላት፣ ሳታንኳኳ የማትገባ፣ ምን አለፋችሁ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አመስግኜያታለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከአባቷ ቤት ስትመለስ በካርቶን እስስት ይዛ መጣች። እውነቴን ነው፣ እስስት። የአባቷ ሎሚ ዛፍ ላይ አግኝታት ስሟንም ሎሚ አለቻት። እኛ እስስት ስናይ ድንጋይ እያነሳን ነው ያደግነው፣ እሷ ግን በወንፊት ሽቦ ቤት ሠራችላት፣ ቅርንጫፍ አቆመችላት፣ ቆላ የለመደች ናት፣ የኛ ብርድ ይገድላታል ብላም ያንን ጫጩት አሳዳጊዎች የሚሰቅሉትን መቶ ሻማ አምፖል የቆርቆሮ ቆብ አድርጋ ከላይ ከመንጠቆ ላይ ሰቀለችላት።

አሁን የኔ ንዴት እንዲገባችሁ ባሌን ልንገራችሁ። ደምሴ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፣ ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ሁለት ዓመት ሆነው፣ ከዚያ ወዲህ ብርድ ከአጥንቱ አይወጣም። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤለትም ይንዘፈዘፋል። ከሰል እንዳላስገባ ሐኪሙ ከልክሎናል፣ ደረቱ አይችልም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ስንሰካ ደግሞ የግቢው መብራት ድርግም ይላል። ኅዳር ገብቶ ያ ከአንኮበር በኩል የሚመጣው ነፋስ ሲጀምር ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እሰማለሁ፣ ሲነጋ በመስኮት ሳይ ጓሮ ላለች እስስት ፀሐይ በርቶላታል። እናንተ ብትሆኑ ደማችሁ አይፈላም?

ታዲያ ሰላም ለእህቷ ሠርግ ከረቡዕ እስከ እሑድ አረርቲ ልትሄድ ሆነ፣ ቁልፉን ልትሰጠኝ መጥታ ክፍሏ ወስዳ አሳየችኝ።

"እማማ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያብሩላት፣ ማታ አሥራ ሁለት ላይ ያጥፉላት፣ ሌሊት ብርሃን ካየች አትተኛም። ሙቀቱ እንደ ፀሐይ ከላይ ነው መምጣት ያለበት፣ አምፖሉን ዝቅ እንዳያደርጉት፣ ያቃጥላታል። ይኼ ረጅሙ ነጭ መብራት ደግሞ ለአጥንቷ ነው፣ ከሌለ አጥንቷ ይልፈሰፈሳል።"

"ለአጥንቷ?" አልኳት።

"አዎ እማማ።"

"የጋሽ ደምሴን አጥንትስ ማን አስቦለት ያውቃል?"

ቁልፉን እጄ ላይ አድርጋ "አደራ እማማ፣ አንድ ቀን ካልሞቀች ትሞትብኛለች" ብላ ሄደች።

ረቡዕን አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ እንደተባልኩት። ሐሙስ ጠዋት ግን ያ ውርጭ ወረደ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ፊቱ በረዶ ሠርቶ አደረ፣ ደምሴ ደግሞ ከንፈሩ ጠቁሮ "አስካለ፣ ዛሬስ የምሞት መሰለኝ" አለኝ። እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሄድኩ፣ የሰላምን ክፍል ከፈትኩ፣ ማብሪያውን ልጫን እጄን ዘረጋሁና ቱግ አልኩ። አምፖሉን ከነቆቡ ከነገመዱ አውርጄ ግቢውን አቋርጬ የሠርጋችን ፎቶ ከሚሰቀልበት ምስማር ላይ፣ ልክ ከባሌ ራስ በላይ ሰቀልኩት። ሰው ነው ወይስ እስስት የሚቀድመው? ጸጸት አልተሰማኝም፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አልዋሻችሁም።

አበራሁት። ክፍሉ ቢጫ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ደምሴ "ምን አድርገሽ ነው ብርዱን የባሰ ያመጣሽብኝ?" አለኝ። የበሽታው ወሬ ነው ብዬ እጄን ከአምፖሉ ሥር ዘረጋሁ። ቀዝቃዛ። መስተዋቱን ነካሁት፣ እመኑኝ፣ ቦግ ብሎ እየበራ ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ሶኬት ቀየርኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ፣ ያው ነው። ደምሴ ጭራሽ ጣቶቹ ነጡ።

ምናልባት ሙቀቱ ያለው ያኛው ረጅሙ ነጩ መብራት ላይ ይሆናል ብዬ እሱንም ላመጣ ወደ ጓሮ ተመለስኩ። በሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ያ የቆርቆሮው ቆብ ሲግል የሚያሰማው ድምፅ። ቆቡ እኮ እኔ ቤት ነው ያለው። በሩን ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፣ የአረርቲ ቀትር ነው የምላችሁ። ነጩ መብራት አልበራም፣ መንጠቆው ባዶ ነው። እስስቷ ቅርንጫፏ ላይ ጎኗን ለባዶው መንጠቆ ሰጥታ፣ ጠፍጠፍ ብላ፣ በዚያ በኩል ያለው ቆዳዋ ጠቁሮ ትሞቃለች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ጥላዋ ቁልጭ ብሎ ወድቋል።

ማርያምን፣ ከፍርሃቴ ንዴቴ ይብስ ነበር። "ይኼን ሁሉ ለብቻሽ?" አልኳት፣ ለእስስት። አንድ ዓይኗን ወደኔ አዞረች፣ ሌላውን ከላይ አላነሳችም።

ከዚያ ምን ላድርግ፣ ደምሴን በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፋሁ አምጥቼ ከጎኗ አስቀመጥኩት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ ቀላ። ጋቢውን አውልቂልኝ አለ። ሁለት ዓመት ያልታጠፈው ግራ እጁ እጄን ጨበጠኝ፣ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ልክ ማታ አሥራ ሁለት ሲሆን ሙቀቱ አንድ ሰው ማብሪያውን የተጫነ ይመስል ቀጥ አለ፣ ደምሴን ወደ ቤት መልሼ ወሰድኩት። ዓርብም ቅዳሜም ሙቀቱ እንዲሁ ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ይመጣል፣ ማታ አሥራ ሁለት ላይ ይሄዳል። አምፖሉን መልሺ የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። አልመለስኩም። ብመልሰው ይኼ ነገር ቢቆምስ ብዬ ፈራሁ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ሰላም መጣች። እኔና ደምሴ እሷ ክፍል ውስጥ ነን። እንዴት ዋላችሁ እንኳ ሳትለን ወደ ሽቦው ቤት ሄደች፣ እጇን ከታ አወጣቻት። ሎሚ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደርቃለች።

"እማማ፣ ይህቺ እኮ ከሞተች ቀናት አልፈዋታል።"

"አሁን ጠዋት በዓይኗ አይታኛለች" አልኳት።

ባዶውን መንጠቆ አየች፣ እኔን አየች። መጮህ ነበረባት፣ ብትጮህ እጮህ ነበር። "አደራ ብዬ ነበር የሄድኩት" ብቻ አለች። ከዚያ እጇን እያሻሸች "ጋሼንስ ለምንድን ነው እዚህ በረዶ ቤት ውስጥ ያስቀመጧቸው?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ ሲጨስ ያየሁት። ብርዱ እስከ አንገቴ ወጣ። ዞር ብዬ ደምሴን ሳይ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ልጅቷ በማግስቱ ወጣች። ክፍሏን ለማንም አላከራየሁም፣ እንዴት ብዬ። ደምሴ ከዚያ አይወጣም፣ ሳወጣው ድንጋይ ሆኖ ይቀዘቅዝብኛል፣ አልጋውንም እዚያው አዘዋወርኩለት። እሱ በካናቴራ ይቀመጣል፣ እኔ ሁለት ሹራብና ጋቢ ደርቤ አጠገቡ እንዘፈዘፋለሁ። ጎረቤት ተሻለው ብሎ እልል ይልልኛል። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸለዩ፣ ብርድ ስላስቸገራቸው ቶሎ ሄዱ። "ከየት ነው የሚሞቅህ ደምሴ?" ስለው ወደ መንጠቆው ያያል። ያጠብኩት፣ ያገላበጥኩት፣ ለሱ ስል አደራ የበላሁት እኔ ነኝ፣ ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

ዛሬ ጠዋት አጥሚት ይዤለት ገባሁ። አጠገቡ ተቀምጬ ያንን የዳነ እጁን ልይዘው ስል ሳብ አደረገው።

"እጅሽ ይቀዘቅዛል" አለኝ፣ ሳያየኝ። "አጥሚቱን አስቀምጪው። ስትወጪም በሩን ዝጊው፣ ብርድ የምታስገቢው አንቺ ነሽ።"

ዘጋሁት።